መውደቅም ትምህርት አለው

ጁዶ የትግል ስፖርት ነው። በጃፓን አገር ጂጎሮ ካኖ የተባሉ መምህር በ1882 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀመሩት።

ጀማሪ መጀመሪያ ምን ይማራል? ሰው መጣል ይመስላችኋል? አይደለም፤ መውደቅ ነው። አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል። ምንጣፉን በክንዱ ይመታል። ጭንቅላቱ ይድናል። ተነሥቶ ይደግማል።

እኛም ከተማ ሳለን ጁዶ እንለማመድ ነበር። አንድ አዲስ ልጅ ሲወድቅ ሳቅንበት። ከዚያ ወዲያ መውደቅ አሳፈረው። ሌላ ቀን ሲጥሉት እንዳይወድቅ ብሎ መሬቱን በእጁ ተመረኮዘ። እጁ ተሰበረ። ተመልሶም አልመጣ። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ጉልበት ብቻውን አያስተምርም። ዕለት ዕለት መደጋገም፣ መታገሥ፣ ጓደኛን ማክበር ያስተምራል። የጁዶ ሰው ከመግጠሙ በፊት ለጓደኛው ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ያለ ጓደኛ ልምምድ የለምና።

በወደቀ ሰው አንሳቅ። እጁን ይዘን እናንሣው።