ጉዱ ካሣ ሴት ቢሆን ኖሮ

የበዓል ዋዜማ ነበርና እኛም እንደ ሰው ሁሉ ቅቤ ለመግዛት ሾላ ገበያ ወርደን ነበር። አብሮን የሄደው ወጣት ተማሪ በብብቱ ሸጉጦ የያዘው አንድ የቴአትር ረቂቅ ነው፤ ይኸውም ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካሳተሙት ከ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ጉዱ ካሣን አውጥቶ፣ ሴት አድርጎ፣ በዚያው በጎጃም በዚያው ዘመን የሚያቆም ድርሰት ነው። ቅቤ ተራ ደርሰን ለጋውን ከበሳሉ እየለየን፣ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለውን እያሸተትን ስንዞር እንኳ ክርክራችን አልተቋረጠም። ተማሪው ሴቲቱ በፊታውራሪ መሸሻ ፊት ቆማ የባላባቱን ሥርዓት የምትነቅፍበትን ክፍል ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበልን። ቅቤ ሻጯም ሚዛኑን እንደ ያዙ ካደመጡት በኋላ፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ ይችን ሴት ማን ያበላታል? ባል አላት? ወይስ ካባቷ ቤት ናት?» ሲሉ ጠየቁት። ተማሪው መልስ አልነበረውም። እውነቱን ለመናገር እኛም አልነበረንም።

የታወቁትን የወንድ ገጸ ባሕርያት ሴት አድርጎ በጥንት ዘመን ማቆም በያገሩ የተለመደ የድርሰት መንገድ ሆኗል። ይህን ሲሰሙ «የታላላቆችን ድርሰት መንካት ነውር ነው» ብለው የሚቆጡ አሉ። ከነዚህ ጋር ብዙ አንከራከርም። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ባሳተሙት፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በሚባለው መጽሐፍ ውስጥ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ለፍለጋ ወጥታለች፤ ስለዚህ የአማርኛ ልብ ወለድ ገና ሲወለድ ይህን ጨዋታ ያውቀዋል። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅርም በመጀመሪያ ዘመኑ የሴቶቹን ቦታ በመድረክ ላይ ያሠራ የነበረው ወንዶችን ሻሽ አስሮ ነው። ወንዱ ሴት ሲሆን አጨብጭቦ የተቀበለ ተመልካች፣ ዛሬ የወንዱ ቦታ ለሴቲቱ ሲሰጥ የሚቆጣበትን ምክንያት ሊያስረዳን ይገባል።

ጠበኛው ክርክራችን ከወዳጆቻችን ጋር ነው፤ ነገሩን ከሚወዱት፣ ነገር ግን በርካሽ ከሚገዙት ጋር። በአማርኛችን «አለ»ን «አለች» ለማድረግ አንዲት ፊደል መጨመር ይበቃል። ወዳጆቻችን ይህችን ፊደል ጨምረው፣ በኩታው ፈንታ ነጠላ አልብሰው፣ የቀረውን ሁሉ እንደ ነበረ ይተውታል። ጉዱ ካሣን ዘመዶቹ እብድ ነው ብለው ናቁት፤ ነገር ግን እብድነቱ ፈቃድ ሆነለት፣ የወደደውን እየተናገረ በደጃቸው ወጣ ገባ አለ። ሴት ቢሆን ኖሮ ይህ ፈቃድ ይሰጠው ነበርን? ዛር ሰፍሮባታል ተብላ፣ እጇ ታስሮ ጠበል ትወሰድ ነበር፤ ያም ባይሆን ሳትጠየቅ ትዳር ነበር። እንኳን በፊታውራሪ መሸሻ ዘመን ይቅርና፣ መጽሐፉ በታተመበት ጊዜ ይሠራበት የነበረው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ በ635ኛው አንቀጽ ባልን የቤተሰቡ አስተዳዳሪ ያደርግ ነበር፤ የፌዴራሉ ሕግ ይህን የለወጠው በ1992 ዓ.ም. ነው።

«ታዲያ እንዲህ ያለች ሴት በታሪካችን አልነበረችምን?» የሚለን ይኖራል። ነበረች እንጂ! ወለተ ጴጥሮስ ባላቸውን ትተው፣ ጠጉራቸውን ተላጭተው መነኮሱ፤ የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት በመቃወማቸውም በንጉሡ ሸንጎ ቀርበው ተጠየቁ፣ ተጋዙም። ገድላቸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1672 ተጽፎ እስከ ዛሬ ይነበባል። ከዚህ የምንማረው፣ በዚያ ዘመን ሴት በአደባባይ ለመናገር አስቀድማ ቆብ ማጥለቅ፣ ትዳርንና ቤትን መተው እንደ ነበረባት ነው። የቴአትራችን ሴት ግን ምንም ሳትከፍል ተናግራ፣ ተጨብጭቦላት ትገባለች።

እንግሊዛዊቷ ደራሲ ቨርጂኒያ ዎልፍ ይህን ዋጋ አልረሳችውም። በ1928 እ.ኤ.አ. ባወጣችው «ኦርላንዶ» መኳንንቱ ሰው በቁስጥንጥንያ አምባሳደር ሳለ ከረጅም እንቅልፍ ሲነቃ ሴት ሆኗል፤ ወደ አገሯ ስትመለስም ከሚጠብቋት ነገሮች አንዱ፣ ሴት በመሆኗ ንብረት አይገባትም የሚል ክስ ነው። ደራሲዋ ልብሱን ብቻ ሳይሆን መዝገቡንም ለውጣለች።

በእኛ አገር ደግሞ መዝገቡ ከእንግሊዙ የተለየ ነው፤ ወዳጆቻችን አንብበውት ቢሆን ብዙ ድርሰት ባገኙበት ነበር። በጎጃምና በጎንደር ሴት ልጅ እንደ ወንድሟ ርስት ትካፈል፣ ስለ ርስቷም ዳኛ ፊት ትሟገት ነበር። ወይዛዝርት ጉልት ነበራቸው። እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ለልጃቸው ለኢያሱ እንደራሴ ሆነው አገር ሲያስተዳድሩ፣ በጎንደር ቍስቋምን አሠርተው ጉልት ተክለዋል፤ የጉልቱንም ግብር የከፈለው ገበሬ ነው። እንግዲያስ ለምን ጉዱ ካሣን ብቻ? ፊታውራሪ መሸሻንም ሴት አድርጉልን! በጉልቷ ተቀምጣ ጭሰኛውን የምታስጨንቅ፣ በዘሯ የምትመካ ወይዘሮ ከታሪክ ጋር አትጣላም። ነገር ግን ይህን የሚጽፍ አላየንም፤ ሴቲቱን የሚፈልጓት ለጀግንነት ብቻ ነውና፣ ሰው መሆኗን ረስተውታል።

ለሴት ተማሪዎች አርአያ እንፈልጋለን የሚሉ መምህራን አሉ፤ አሳባቸውን እናከብራለን። ዳሩ ግን አንዲት ተማሪ በዚያ ዘመን ሴት እንዳሻት ተናግራ በሰላም ትገባ ነበር ብላ ካመነች፣ ስለ ገዛ አያቷ ዝምታ ምን ልታስብ ነው? ፈሪ ነበረች፣ ወይም አላዋቂ ነበረች ማለቷ አይቀርም። ለማትኖር ሴት ክብር ስንሰጥ የኖረችውን እናዋርዳለን። ያቺ አያት እኮ ምናልባት ሕፃን አዝላ፣ ቅቤዋን ተሸክማ ገበያ ስትመላለስ፣ የዱቤውን ሒሳብ ያለ ወረቀት በልቧ ስትይዝ የኖረች ናት። ሾላ ላይ ጥያቄውን ያቀረቡት እናት ይህን ሳይማሩ ያውቁታል።

ተማሪው ባለፈው ሳምንት ሦስት አዲስ ገጾች ይዞ መጣ። ሴቲቱ አሁን የምትኖረው በእናቷ ርስት ላይ ነው፤ ገዛ ወንድሟም ርስቱን ሊነጥቃት እብድ ናት ብሎ ከሷታል። ጠበል ሊወስዷት የመጡት ዘመዶቿ በደጅ ቆመዋል። ንግግሩን ገና አልጻፈላትም።