ለሥራ የደረሰ፣ ለጨዋታ ያልደረሰ

«ነፍስ አውቋል።» ልጅ ብቻውን ከቤት ለመውጣት መድረሱን የምንናገርበት ቃል ይኼ ነው። ቁጥር የለውም። እናት አይታ፣ ጎረቤት መስክሮ፣ አንድ ቀን «ነፍስ አውቋል፣ ይሂድ» ይባላል። እንደ መለኪያ ከሆነ አልጠላውም፤ ልጅ ሁሉ በአንድ ቀን አይበስልምና። የምጠላው አጠቃቀማችንን ነው። ልጁ ነፍስ የሚያውቀው እኛ ሥራ ሲኖረን ብቻ ነው።

ሐይቅን ውሰዱ። ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አስፋልት 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛችሁ የምታገኟት ከተማ ስሟን ያገኘችው ከጎኗ ከተኛው ውሃ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጥልቀቱ 80 ሜትር አካባቢ ነው። በዙሪያው ባለው ገጠር፣ እንደ አብዛኛው የወሎ ገጠር፣ ከብት የሚጠብቀው ልጅ ነው። የ8 ዓመት ልጅ ላምና ጥጃ እየነዳ ወደ ውሃው ሲወርድ «ኧረ ገና ሕፃን ነው» የሚል የለም። ያው ልጅ «ልዋኝ» ቢል ግን ጩኸቱ ሌላ ነው፦ «ውሃ ሊበላህ ነው?» ውሃው ታዲያ ያው ውሃ ነው። ከብት ለያዘ ልጅ ጥልቀቱን አይቀንስም።

ሴት ልጅ ላይ ይብሳል። ጀሪካን ተሸክማ ስትሄድ ደርሳለች፤ ወፍጮ ቤት ስትላክ ደርሳለች። «ከጓደኞቼ ጋር ልጫወት» ስትል ግን መንገዱ በአንድ ጊዜ አደገኛ ይሆናል። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» እንላለን፤ ያንኑ ልጅ ግን የቤታችንን ሀብት ሁሉ አስረክበን ሜዳ ላይ እንልከዋለን። ሐሳብ ሲሰጥ ልጅ፣ ሲላክ አዋቂ።

እዚህ ላይ «እኛ እንዲህ ነው ያደግነው፣ ምን ሆንን?» የሚል አይጠፋም። ምሳሌም አያጣም፦ የቆሎ ተማሪ። ሐይቅ እስጢፋኖስ አባ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት፣ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም የተማሩበት ገዳም ነው። እንዲህ ያለው ትምህርት ለዘመናት የቆመው በልጅነቱ ካገሩ ወጥቶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ በሚለምን፣ ዱላውን ይዞ ከውሻ በሚታገል ልጅ ጫንቃ ላይ ነው። የወሎ ደረሳም እንዲሁ ከቤቱ ርቆ ሼኹ ዘንድ ቀርቷል፣ ከሰፈሩ ሰው እጅ በልቷል።

እሺ፣ ግን እነዚህ ልጆች ብቻቸውን ነበሩ? ከእናታቸው ርቀዋል እንጂ ሰው አላጡም። የኔታ ወይም ሼኹ ያውቋቸዋል። በር ላይ የቆመው ልጅ ለምን እንደቆመ የቤቱ ባለቤት ያውቃል፤ ቁራሽ መስጠትም ግዴታው እንደሆነ ይሰማዋል። ልጁን መንገድ ላይ ያቆመው ጀግንነቱ ሳይሆን የመንገዱ ሰው ነው። ያም ሆኖ ነገሩን አናሳምረው። ታሪኩን የሚነግረን ሊቅ ሆኖ የተመለሰው ነው። መንገድ የቀረው አያወራም። «ምን ሆንን?» የሚለው ጥያቄ ምንም ያልሆኑትን ብቻ ነው የሚጠይቀው።

በሌላው ጫፍ «ዘንድሮ ሰው አይታመንም» ባዩ አለ። አዲስ አበባ ላይ ልጁን ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቆልፎ ስልክ ይሰጠዋል፤ ከሰርቪስ ወደ በር፣ ከበር ወደ ሰርቪስ። 12 ዓመቱ ድረስ አንድ አስፋልት ለብቻው አልተሻገረም። ከዚያ ማትሪክ ይመጣና ያው ልጅ በ18 ዓመቱ ማንንም ወደማያውቅበት ክልል ዩኒቨርሲቲ ይመደባል። በአንድ ሌሊት ነፍስ እንዲያውቅ የተፈረደበት ልጅ!

«ሕግ ዕድሜውን ይወስንልን» የሚሉም አሉ። ሕጋችን ቁጥር አላጣም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቅም፤ 9 የሞላው ግን ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመቀጠሪያ ዕድሜን ከ15 ይጀምራል፤ የአባቱን ከብት የሚጠብቀው ልጅ ግን ተቀጣሪ አይደለም። በቤተሰብ ሕጉ አካለ መጠን 18 ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች አንዱም ሐይቅ ዳር ላለው እረኛ አይደርስለትም።

ቁጥር ያላቸውስ ምን አተረፉ? በሜሪላንድ ሕግ 8 ዓመት ያልሞላው ልጅ ቤት ወይም መኪና ውስጥ ያለ ጠባቂ አይተውም፤ ጠባቂውም ቢያንስ 13 ዓመት ሊሆነው ይገባል። በዚያው ግዛት፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2014 የ10 እና የ6 ዓመት ወንድምና እህት ከመናፈሻ ወደ ቤታቸው ሲሄዱ ፖሊስ አስቆማቸው፤ ወላጆቻቸውም በቸልተኝነት ተመረመሩ። በሚያዝያ 2015 አንድ መንገደኛ ለፖሊስ ደውሎ ልጆቹ ዳግመኛ ተያዙ። በመጨረሻ ወላጆቹ ነፃ ተባሉ። እኔን የገረመኝ ግን ደዋዩ ነው። ልጅ ብቻውን አየ፤ «የት ነው የምትሄዱት?» ብሎ ሸኝቶ እንደመመለስ ስልኩን አነሳ። መንገዱ ሰው ነበረው፤ ሰውየው ግን የልጆቹ አልነበረም።

የኔ ሐሳብ አጭር ነው። ለሥራ የላክነው ልጅ በዚያው መንገድ ለጨዋታም ይለቀቅ። ለጨዋታ የማንለቅበት ቦታ ደግሞ ለሥራም አይላክበት። ይኼን ሚዛን ያዙና ማን በእውነት ነፍስ እንዳወቀ ወዲያው ይለያል።

«ድህነት ነው፣ ከብቱን ማን ይጠብቅ?» ትሉኝ ይሆናል። ድህነቱን አልክድም። ግን ለዘመዱ ልጅ ዋና ማስተማር ብር አይጠይቅም። አስፋልቱን ለአንድ ሳምንት አብሮት መሻገር ብር አይጠይቅም። በደጃችን የሚያልፈውን ልጅ ስሙንና የሚሄድበትን መጠየቅም እንደዚሁ። የሚጠይቀው ልጁን የራሳችን ብሎ መቁጠርን ነው። ጥጃ ወደ ገደል ቢያዘነብል ሰፈሩ ሁሉ ይጮኻል። ዋና ያላስተማርነውን ልጅ ከጥጃው ጋር ወደ ውሃ ስንሰድ ግን ዝም እንላለን። በዚያች ሰዓት ከሁለቱ የቱን እንደምናስበልጥ ተናግረናል።