የኤንትሬዋ ወራሽ

በሚያዝያ 2014 ዓ.ም. አንዲት መርሴዲስ 300 ኤስኤልአር ኩፔ በ135 ሚሊዮን ዩሮ ተሸጠች። እንደ እሷ ያለች የተሠራችው ሁለት ብቻ ነው፤ ከተሠሩበት ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሁለቱንም ፋብሪካው ራሱ ይዟቸው ነበር። ዋጋውን ስሰማ ሐሳቤ የሄደው ቆቦ፣ አጎቴ ግቢ፣ ከቁርቁራው ሥር ወደቆመችው ኤንትሬ ነው። አጎቴ ካረፈ ወዲህ ልጆቹ በእሷ ነገር መስማማት አቅቷቸዋል። ከፊሎቹ ለብረት ማቅለጫ በኪሎ ትሸጥ ይላሉ። እኔ አትሸጥ ባይ ነኝ፤ ለምን እንደሆነም እናገራለሁ።

እኛ ኤንትሬ የምንላት ፊያት 682 ኤን 3 ናት። ፊያት የ682ን ዘር መሥራት የጀመረው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው። ለሩጫ የተሠራች ሸንቃጣ መኪና አይደለችም፤ ተሳቢዋን እየጎተተች ዳገት የምትወጣ የጭነት መኪና ናት። ቆቦ የምትገኘው ጣሊያን በጠረገው አውራ ጎዳና ላይ ስለሆነ፣ ከወልድያ በጎብዬና በሮቢት አድርጎ የመጣ ሁሉ በእኛ በኩል ወደ ዋጃና አላማጣ ያልፋል። የራያ ማሽላና ጤፍ የወጣው፣ ጨርቁና ስኳሩ የገባው በዚሁ መንገድ ነው።

ልጅ ሆኜ የሚደንቀኝ መሪዋ በቀኝ መሆኑ ነበር። በዚያ ዘመን የጣሊያን ከባድ መኪኖች መሪያቸው በቀኝ ይሆን የነበረው ሾፌሩ በተራራ መንገድ ላይ ጠርዙን በዓይኑ እንዲያይ ተብሎ ነው። ሀገራችን በ1956 ዓ.ም. ከግራ መስመር ወደ ቀኝ መስመር ስትሻገር ይህ አሠራር ለግራ ካህሱ ዳገት መንገድ ሁነኛ ሆነ። ከአላማጣ ወደ ኮረም ሲወጣ ገደሉ በቀኝ በሆነበት ኩርባ ሁሉ፣ ጎማው ከጠርዙ ስንት ስንዝር እንደቀረው ሾፌሩ ከመቀመጫው ሆኖ ያያል። ለመቅደም ሲፈልግ ደግሞ ከግራ የተቀመጠው ረዳት ነው ዓይኑ። አጎቴ ስለ ረዳቶቹ ሲያወራ ስለ ወንድሞቹ የሚያወራ ይመስል የነበረው ለዚህ ይመስለኛል። ረዳቱ «እለፍ!» ሲለው ነፍሱን አምኖ ያልፋል።

በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ኮረም ላይ የሰፈረውን ሕዝብ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ያ ሕዝብ የሚጠብቀው እህል በቆቦ አልፎ ያንኑ ዳገት የወጣው በጭነት መኪና ነው። ስንት ሾፌር ሌሊቱን በዝቅተኛ ማርሽ እያቃሰተ እንደወጣው የጻፈልን የለም። ከዚያ ዘመን በእጃችን የቀረን የሚዳሰስ ነገር ጥቂት ነው፤ በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ቆቦን ሲረግጣት ደግሞ ከሰው ሕይወት ጋር ብዙ ንብረት አብሮ ጠፋ። ተርፋ የቆመችን መኪና በኪሎ መመዘን ለእኔ ከባድ የሆነው ለዚህ ነው።

የነገሥታቱ መኪኖች ጠባቂ አላቸው። አዲስ አበባ ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ሙዚየም ሆኖ ሲከፈት የንጉሡ አውቶሞቢሎች ለሕዝብ ታይተዋል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው የተወሰዱባትን ትንሿን ቮልስም ታሪክ አልረሳትም። የሾፌሩና የነጋዴው መኪና ግን ሙዚየሙ የቤተሰቡ ግቢ ብቻ ነው። ቤተሰቡ ከጣላት ማንም አያነሳትም።

የሚያጠፋት ደግሞ ብዙ ጊዜ ዝገት ሳይሆን ውርስ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ልጆች እኩል ይወርሳሉ፤ ፍትሐዊ ነው፣ አልቃወመውም። ነገር ግን መሬት በጥማድ፣ ከብት በቁጥር ሲካፈል መኪና አይቆረስም። ሊብሬው በሟች ስም እንዳለ ይቀራል፤ የወራሽነት ማረጋገጫ ለማውጣት አንዱ ወልድያ፣ ሌላው አዲስ አበባ፣ ሌላው ጅዳ ነው። ክርክሩ ሲጓተት ባትሪው ይሞታል፣ ፖምፓው ይነቀላል፣ በመጨረሻ የሚቀረው ሻንሲው ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን ይህን ችግር በጠመንጃ ፈትተውት ነበር። የአባት ጠመንጃ ለገበያ አይወጣም፤ የሚወለውልና የሚጠብቅ አንድ ልጅ ይይዘዋል፣ ሌሎቹ በሌላ ንብረት ይካካሳሉ። ለመኪናዋም ያው ሥርዓት ይበቃታል።

ለያዣው የምለው አለኝ። የራያ ቆላ ደረቅ ስለሆነ ለብረት ደግ ነው፤ ፀሐዩ ግን ጎማና ጎሚኒ ይሰነጥቃል፣ ምስጥ የካሶኒውን እንጨት ይበላል። ስለዚህ ጥላ ይሠራላት፤ በክሪክ ተነስታ ቸርኬዋ ከመሬት ይላቀቅ፣ ከሥር ግንድ ይግባላት። አሮጌው ናፍጣ ከሰልባትዮው ይውጣ። ባሌስትራዋ ግራሶ ይቀባ። ሞተሯ አልፎ አልፎ ይነሳ፣ ሞቆም ይጥፋ፤ ለአፍታ አስነስቶ ማጥፋት ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ቀለሟን ግን አትንኩ! አዲስ ቀለም የተቀባች አሮጌ መኪና ታሪኳን አጥባለች። በጋቢናው በር ላይ የአጎቴ ክንድ ያረፈበት ቦታ ቀለሙ ተልጧል፤ እሱ እንዳለ ይቆይ።

ከመንግሥትም የምጠብቀው አለኝ። ፊቫ የተባለው ዓለም አቀፍ የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን ሠላሳ ዓመት የሞላትን፣ ይዞታዋን የጠበቀችንና ለዕለት ሥራ የማትውልን መኪና ቅርስ ብሎ ይቆጥራል። ጀርመን ለእንዲህ ዓይነቷ «ኤች» የሚል ፊደል ያለበት ሰሌዳ ትሰጣለች። እኛም ለበዓልና ለሠርግ ብቻ ለምትወጣ መኪና የተለየ ሰሌዳና የቀለለ የቦሎ ሥርዓት ብናበጅላት አንጎዳም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ ሀገር እንዳይገባ ተወስኗል፤ እንግዲህ በየግቢው ያለችው አሮጌ ቮልስና ሰይቼንቶ ብትጠፋ ምትክ አይመጣላትም።

ወደ አጎቴ ልጆች ልመለስ። ወንዶቹ ስለ ዋጋ ሲከራከሩ ፍሬኗን የምታውቅ፣ ዘይቷን ስትቀይር የኖረች፣ አባቷ ዓይኑ ሲደክም መሪ ይዛ ወደ ጋራዥ የወሰደቻት ሦስተኛዋ ልጅ ናት። ጉዳዩን ለማየት በተቀመጠው ሽምግልና ላይ ስሟን ያነሳ አልነበረም፤ ሴት ስለሆነች ይመስለኛል። እኔ ግን አነሳዋለሁ። ሊብሬው በእሷ ስም ይዙር፣ ወንድሞቿ ከቤቱና ከከብቱ ይካካሱ፤ የጥላውን ቆርቆሮ እኔ እገዛለሁ።