የሸማኔው ስም በጠርዙ ይጻፍ

የትንሣኤ በዓል በመጣ ቁጥር በየቤታችን አስቀድሞ የሚታሰበው ዶሮውና ቅርጫው ብቻ አይደለም። ነጠላው ታጥቦ፣ ቀሚሱ ከሣጥን ወጥቶ፣ ለሕፃናቱም አቅም በፈቀደ መጠን አዲስ ልብስ ተገዝቶ ነው በሌሊት ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚገሠገሠው። ያ ሁሉ ነጭ ልብስ በአንድ ቅጽር ውስጥ ተሰብስቦ ሲታይ እጅግ ያስደስታል። ይሁን እንጂ ጥለቱ አማረ እንላለን እንጂ ማን ሠራው ብለን አንጠይቅም።

ይህን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣኝ በቅርብ የማውቃቸው አንዲት እናት የገጠማቸው ጉዳይ ነው። ሴት ልጃቸው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ትምህርቷን እንደ ፈጸመች ሽመና ተምራ በክር ሥዕል የምትሠራ ባለሙያ ለመሆን እንደምትፈልግ ነገረቻቸው። እናቲቱም ደነገጡ። «እኔ ጥጥ ፈትዬ ያስተማርኳት ጉድጓድ እንድትገባ ነው?» አሉ። እንደሚታወቀው የባህላዊው ሸማኔ መቀመጫ የጉድጓድ አፍ ነው፤ እግሩን ወደ ታች ሰዶ መርገጫውን እየረገጠ በእጁ መወርወሪያውን ይወረውራል። በእናቲቱ አነጋገር ግን ጉድጓዱ መቀመጫ ብቻ አልነበረም። በዚያ ላይ በልማዳችን መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ የኖረ በመሆኑ ልጂቱ የጠየቀችው አንድ ሳይሆን ሁለት አጥር መዝለልን ነው።

በእናቲቱ መፍረድ አይቻልም። ሸማኔውን «ቁጢት በጣሽ»፣ ብረት ሠሪውን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚሠራውን «ፋቂ» እያለ ሲሰድብ የኖረ ኅብረተሰብ ያወረሳቸው ፍርሃት ነው። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ተሳዳቢው በእስራት እንደሚቀጣ እስከ ማሳወቅ ደርሰዋል። አዋጁ ከተነገረ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። ስድቡ በአደባባይ ቢቀንስም በጋብቻ ጊዜ ዘር ሲቆጠርና ልጆች ሙያ ሲመርጡ ድምፁ አሁንም ከጓዳ ይሰማል።

የሚገርመው፣ ይህን ሙያ የሚንቀው ሰው በየበዓሉ የሚሰማው ምንባብ ሙያውን የሚያከብር መሆኑ ነው። በኦሪት ዘፀአት የመገናኛው ድንኳን ሲሠራ የቅድስተ ቅዱሳኑ መጋረጃ ከሰማያዊ፣ ከሐምራዊና ከቀይ ግምጃ፣ ከጥሩ በፍታም ኪሩቤል ተሥለውበት እንዲሠራ ታዝዟል። ለዚህ ሥራ ጥበብ የተሰጣቸው ባስልኤልና ኤልያብ ከነአባታቸው ስም፣ ከነነገዳቸው ተጽፈዋል፤ ከሙያዎቹም መካከል የሸማኔ ሥራ በግልጽ ተጠቅሷል። ልባቸው የተነሣሣ ሴቶችም በእጃቸው ፈትለው አምጥተዋል። የአገራችን ሠዓልያን ብሥራቱን ሲሥሉ እመቤታችንን እንዝርት አስይዘው የሚያሳዩት ሐርና ወርቅ እያስማማች ስትፈትል ቅዱስ ገብርኤል ተገለጠላት የሚለውን ትውፊት ይዘው ነው። በሰሙነ ሕማማት ከሚነበበው መካከልም ወታደሮቹ ሌላውን ልብስ ተከፋፍለው እጀ ጠባቡን ግን ለመቅደድ አለመፍቀዳቸው ይገኛል። ከላይ እስከ ታች ስፌት የሌለው፣ ወጥ ሆኖ የተሠራ ነበርና ዕጣ ተጣጣሉበት። የእነዚያ ጨካኞች እጅ እንኳ የሸማኔውን ሥራ ለመቅደድ ሳስቷል።

ወደ ራሳችን ታሪክ ስንመለስ በዘመነ ጎንደር የተሠሩ፣ የሰዎች ምስልና መስቀል ያለባቸው ታላላቅ የሐር መጋረጃዎች እናገኛለን። አንደኛው በካናዳ፣ ቶሮንቶ፣ በሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛል፤ ቁመቱ ከ5 ሜትር በላይ ሲሆን ሦስት ረጃጅም ቁራጮች ተጋጥመው የተሠራ ነው። ሌላው ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ፣ በ1860 ዓ.ም. ከአገር ወጥቶ ለንደን በሚገኘው ብሪቲሽ ሙዚየም ተቀምጧል። አሠራራቸው እጅግ ያስደንቃል። በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ ጠርዛቸው የተበሳ ትናንሽ ሰሌዳዎች ተደርድረው የሐሩ ድር በየቀዳዳው ያልፋል፤ ሸማኔውም ሰሌዳዎቹን በእጁ እያዞረ የሚፈልገውን ቀለም ወደ ላይ ያወጣል። ምስሉ በጨርቁ ላይ የተጠለፈ ሳይሆን ከጨርቁ ጋር አብሮ የተወለደ ነው። ሐሩ ከውጭ መጣ፤ ጥበቡ ግን የእኛ ነው። የእነዚያን ሸማኔዎች ስም የሚያውቅ ማንም የለም።

ፈረንጆች ታፔስትሪ የሚሉት ሽመና ስልቱ ከዚህ ይለያል። በዚያ ማጉ ድሩን ፈጽሞ ይሸፍነዋል፤ እያንዳንዱ ቀለም እስከ ምስሉ ጠርዝ ብቻ ሄዶ ይመለሳል፤ ሠዓሊው በብሩሽ የሚያደርገውን ሸማኔው በክር ያደርገዋል። የሽሮ ሜዳው የጋሞ ሸማኔ ጥለቱን በጣቱ እየቆጠረ ሲያስገባ የሚጠቀምበት ዓይንና ስሌት ከዚህ የራቀ አይደለም። ስለዚህ ሥዕላዊ ሽመና ልማር የሚል የአገራችን ወጣት ከባዶ አይጀምርም።

ይህ ማለት ግን መንገዱ ቀላል ነው ማለት አይደለም። መዳመጥን፣ በደጋን መንደፍን፣ ፈትሉ በእንዝርት ሲጠብቅና ሲላላ ማወቅን፣ ድር ማድራትን የማያውቅ ሰው ሥዕል በክር ልሥራ ቢል ቤቱን ያለ መሠረት ይጀምራል። ወገብ ያማል፣ ዓይን ይደክማል። የተበጠሰ ድር መቀጠል ብቻ ወራት የሚወስድ ትምህርት ነው። ልጂቱ ይህን ሁሉ ከአንድ ልምድ ካለው ሸማኔ አጠገብ ተቀምጣ፣ ወዛደርነቱንም ሳትንቅ ልትማረው ይገባል ባይ ነኝ። የሥነ ጥበብ ትምህርቱ ከዚያ በኋላም ሆነ ጎን ለጎን ሊመጣ ይችላል። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በእ.ኤ.አ. 1990 የተመረቀው ኤልያስ ስሜ ለበርካታ ዓመታት ክር በሸራ ላይ እየሰፋ ሠርቶ፣ ኋላም የተጣሉ የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን እንደ ክር እየገመደ ሥራውን በቬኒስ ዓለም አቀፍ ዐውደ ርእይ ለማሳየት በቅቷል። ክርና መርፌ የድሃ መተዳደሪያ ብቻ ነው ለሚሉ ወላጆች ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። በእርግጥ ሁሉም እርሱን ይሆናል ብሎ ለልጅ ተስፋ መስጠት ሐሰት ነው።

በሙያው ላይ የተጫነውን ሌላ ሸክም ሳያነሡ ማለፍም አይገባም። ከጋሞ ደጋ ትናንሽ ወንዶች ልጆች ትምህርት ትማራላችሁ እየተባሉ ወደ አዲስ አበባ ተወስደው ከሌሊት እስከ ሌሊት ሲሸምኑ መኖራቸው የታወቀ ነገር ነው። እኛ ገዢዎች በዓል ሲደርስ ዋጋ እንዲወርድልን አጥብቀን እንከራከራለን፤ ያ ክርክር በመጨረሻ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚያርፍ ግን አናስብም። በሌላ በኩል የጥለት ምስል በማሽን የታተመበት የውጭ ጨርቅ ገበያውን እየያዘ ነው። አቅም ያነሰው ወገን እርሱን ቢለብስ ነውር የለበትም፤ አቅም ያለው ሰው ግን የታተመውን በጥበብ ዋጋ ገዝቶ ጥበብ ለበስኩ ሲል ማየት ያሳፍራል።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ አነስተኛ ነው፤ ሸማኔው ስሙን በነጠላው ጠርዝ፣ በጥለቱ መጨረሻ ይሸምን። ሠዓሊ ይፈርማል፣ ደራሲ በሽፋኑ ላይ ስሙን ያስጽፋል። ስም ሲኖር ማን ሠራው የሚለው ጥያቄ መልስ ያገኛል፤ ሕፃን ልጅ የሸመነውን ነጋዴ የራሱ አስመስሎ መሸጡም ይከብደዋል። አንዳንዶች ይህ ከንቱ ውዳሴን መፈለግ ነው፣ የቀድሞዎቹ አባቶች ስማቸውን ሰውረው ነው የሠሩት ይሉ ይሆናል። ክርክሩን አከብራለሁ። ሆኖም ስምን በትሕትና መሰወርና በንቀት ምክንያት ሳይጠየቁ መቅረት ይለያያሉ፤ የባስልኤል ስም ደግሞ ተጽፏል።

ለመቅደስ መጋረጃ በስጦታ የሚያቀርቡ ምእመናን ስማቸውን ከነክርስትና ስማቸው በጨርቁ ላይ ማስጻፋቸው በየደብሩ የሚታይ ልማድ ነው። ከዚያው መስመር ሥር የሸማኔው ስም የሚያርፍበት የአንድ ጋት ቦታ አይታጣም።