ስስ ፌስታልና የእህል ከረጢት በአንድ ሚዛን አይለኩም

ክረምት በገባ ቁጥር የፍሳሽ ቦዮችን ደፍኖ ጎርፉን ወደ ሠርቶ አደሩ ቤት የሚመልሰው፣ በግጦሽ ቦታ በከብት ሆድ እየገባ የሚገድለው ስስ ፌስታል የሚያደርሰው ጉዳት ሰፊውን ሕዝብ የሚያከራክር አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረታቸው ከ0.03 ሚሊ ሜትር በማይበልጥ ከረጢቶች ላይ ገደብ ጥሎ ነበር። ገደቡ በወረቀት ላይ ቀርቶ ፌስታሉ ጉልቱን ሁሉ ካጥለቀለቀ በኋላ፣ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የጠነከረ አዋጅ አጽድቋል። በመሠረተ ሐሳቡ ላይ ከማንም ጋር ልዩነት የለንም። ልዩነታችን የሚጀምረው የዘመቻ ስሜት አይሎ ምግብን የሚነካ ፕላስቲክ ሁሉ እንደ አንድ ጠላት በሚፈረጅበት ጊዜ ነው።

ጉዳዩን ከጎተራ እንመልከተው። አርሶ አደሩ ዓመቱን ሙሉ የደከመበትን በቆሎ በጥቂት ወራት ውስጥ ለነቀዝ ሲያስረክብ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ካሜሩን ውስጥ ለጥራጥሬ ማከማቻ ያበለጸጉት ዘዴ ሁለት የፕላስቲክ ከረጢቶችን አንዱን በሌላው ውስጥ፣ ሁለቱንም በጆንያ ውስጥ ማድረግ ብቻ ነው። አፉ ተጠብቆ ሲታሰር ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክሲጅን ይጨርስና መብላቱንም መራባቱንም ያቆማል። መርዝ አያስፈልግም። ከረጢቱ በአገራችን ገበሬዎችም እጅ ገብቶ በተግባር ተፈትኗል፤ በጥንቃቄ ከተያዘም ከአንድ ምርት ዘመን በላይ ያገለግላል። ይህን ከጉልት ፌስታል ጋር ደምሮ መኮነን የሠርቶ አደሩን እንጀራ ለነቀዝ መፍረድ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 እንደገመተው፣ በዓለም ከሚመረተው ምግብ 14 በመቶ ያህሉ ከአዝመራ በኋላ ቸርቻሪው ዘንድ ሳይደርስ ይጠፋል። ከእህሉ ጋር የታረሰው መሬት፣ ማዳበሪያውና የተቃጠለው ነዳጅ ሁሉ ይባክናል።

ይሁን እንጂ የማሸጊያ ነጋዴዎች ይህንኑ መከራከሪያ ለሸቀጣቸው ሁሉ ጋሻ ሲያደርጉት በዝምታ አናልፈውም። ራፕ የተባለው የብሪታንያ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ፖም፣ ሙዝ፣ ብሮኮሊ፣ ኪያርና ድንች ፈትኖ፣ የፕላስቲክ መጠቅለያው በአብዛኛው ዕድሜያቸውን እንደማያራዝም፣ ይልቁንም ሸማቹን ከሚፈልገው በላይ እንዲገዛ እንደሚያስገድድ አሳይቷል። ድንችን በመደብ ቆጥራ፣ በገዢው ዘንቢል የምትገለብጥ የጉልት ነጋዴ ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋትም።

የተተኪው ጉዳይም በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። የብሪታንያ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ የጥጥ ከረጢት በአየር ንብረት ላይ የሚያደርሰው ጫና አንዴ አገልግሎ ከሚጣለው ስስ ፌስታል እንዲያንስ ቢያንስ 131 ጊዜ፣ የወረቀቱ ደግሞ 3 ጊዜ ማገልገል አለባቸው። ስለዚህ በየስብሰባው ጽሑፍ ታትሞበት የሚታደለውና በቁም ሳጥን ውስጥ የሚከማቸው የጨርቅ ቦርሳ፣ ይቅርታ ይደረግልንና፣ ለአካባቢ የሚሰጠው ጥቅም አይታየንም። እርጥብ ሥጋ ለመያዝም ወረቀት አይመችም። የጤናው ጥያቄ ግን ሌላ ነው፤ ሙቀትና ቅባት ከፕላስቲክ ውስጥ ኬሚካሎችን ስለሚያወጡ፣ ትኩስ ወጥ በፌስታል መቋጠር አዋጅ ባይኖርም መቆም ያለበት ልማድ ነው።

ዕድሮቻችን ሳህኑንና ድስቱን በጋራ ገዝተው፣ አጥበውና ቆጥረው ለቀጣዩ አባል የሚያስተላልፉት ማንም ሳያስተምራቸው ነው። የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራትም በዚሁ አሠራር ጥራጥሬውን ከጆንያ፣ ዘይቱን ከበርሜል በገዢው ዕቃ እየለኩ ሊሸጡ ይችላሉ። ለዚህም የታመነ ሚዛንና ንጹሕ መቅጃ ያስፈልጋል።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበን የሽግግሩ ወጪ በማን ትከሻ ላይ እንደሚወድቅ ነው። አዋጁ ፌስታል ይዞ የተገኘ ግለሰብ ከ2,000 እስከ 5,000 ብር እንዲቀጣ ይደነግጋል። ይህ ገንዘብ ለአንዲት የጎመን ቸርቻሪ የሥራ ካፒታሏ ሊሆን ይችላል። ቁጥጥሩ ከማምረቻውና ከመጋዘኑ በር ይጀምር፤ በፌስታል ፋብሪካዎች የሚሠሩ ወዛደሮችም ማሽኖቹ ሳይቆሙ በፊት ወደ ምን ሥራ እንደሚዛወሩ በግልጽ ይነገራቸው።