ግሪሳው ለምን ወደቀ?

የዛሬው የጤና አምዳችን ከማሽላ ማሳ ይነሳል።

ማሽላ ፍሬ ሲይዝ ግሪሳ እንደ ደመና እንደሚመጣ የዶካም የመተማም ገበሬ ያውቀዋል። በወንጭፍና በጩኸት አልመለስ ሲል ወደ ማታ ማደሪያው ላይ መድኃኒት በአውሮፕላን ይረጫል። በሱዳንም በኢትዮጵያም ለዚህ ሲያገለግል የኖረው ፌንቲዮን የሚባለው ነው። ጠዋት ልጆች የወደቀውን ወፍ ለቅመው፣ ላባውን ነጭተው ሊጠብሱት ይፈልጋሉ። ሥጋ በጠፋበት ቤት ማን ይፈርድባቸዋል? ግን ወፉን የገደለውን ነገር እንወቅ።

ነርቭ እንደ ስልክ ሽቦ አንድ ወጥ አይደለም። በነርቭና በነርቭ፣ በነርቭና በጡንቻ መካከል በዓይን የማትታይ ክፍተት አለች። መልእክቱ እዚያ ሲደርስ ነርቩ ኬሚካል ያፈስሳል፤ እሱ ተሻግሮ ጡንቻውን ያዘዋል። እ.ኤ.አ. በ1921 ኦቶ ሎዊ የተባለ ተመራማሪ በኦስትሪያ የአንዲት እንቁራሪት ልብ ነርቭ ነካክቶ ምቷን አዘገመ። ልቧ የነበረችበትን ፈሳሽ ወደ ሌላ ልብ ሲያፈስ፣ ነርቭ ሳይነካባት ያቺም ዘገመች። ኬሚካሉ አሴቲልኮሊን ነበር።

መልእክቱ እንዳለቀ ኢንዛይም የሚሉት ጠራጊ አሴቲልኮሊኑን ያጠፋዋል፤ ጡንቻውም ያርፋል። ፌንቲዮን ይህንን ጠራጊ አስሮ ይይዘዋል። ያኔ ትእዛዙ አይቆምም፦ ምራቅ፣ ላብና እንባ ይጎርፋል፣ ሆድ ይታመሳል፣ የዓይን ብሌን ይጠባል፣ ጡንቻ ይንቀጠቀጣል፣ ኋላም መተንፈስ ያቅታል። በወፉም በልጃችሁም ሰውነት ሥራው አንድ ነው።

እንግዲህ እናቶች፣ የወደቀ ግሪሳ አይበላም፤ ባዶ እጅም አይነካውም፤ መርዙ በቆዳ ይገባል። በእሳት ስለተጠበሰ ንጹሕ ሆነ ማለት አይደለም። በየእርሻው ለቀን ሥራ የምትወጡም፣ ማላቲዮን ከዚሁ ዘር ነው። የመድኃኒት ጀሪካን ደጋግማችሁ ብታጥቡትም ለመጠጥ ውኃ አይሆንም። (ጀሪካን ውድ መሆኑን እናውቃለን።)

ምልክቱ የታየበት ሰው ካለ እጃችሁን በላስቲክ ሸፍናችሁ ልብሱን አውልቁ፣ ገላውን በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡ። ጉሮሮውን ጎርጉራችሁ አታስመልሱት። ወተትም አትጋቱት፤ ማርከሻ አይደለም። ቶሎ ክሊኒክ አድርሱት፤ አትሮፒን የሚባል መርፌ የበዛውን ትእዛዝ ያግዳል። የመድኃኒቱ ዕቃ ላይ ያለውን ጽሑፍ ለሐኪሙ አሳዩ። ወፉን የበላ ልጅ ደህና ቢመስልም ውሰዱት፤ ምልክቱ ዘግይቶ ሊመጣ ይችላል።