የሞላሌ በግና የዩኒቨርሲቲው ወረቀት

በአገራችን የከፍተኛ ትምህርት ቤቶች በዚህ ዘመን «ምርምር ወደ ንግድ ይለወጥ፤ ሐሳብም ኩባንያ ይሁን» የሚል ቃል ከስብሰባ ወደ ስብሰባ ሲዘዋወር እንሰማለን። ለዚሁ ጕዳይ ቢሮ ይከፈታል፤ ሰሌዳ ይሰቀላል፤ ኀላፊ ይሾማል። ተማሪዎች ለውድድር ይጠሩና የሐሳባቸውን ጥቅም በጥቂት ደቂቃ እንዲያስረዱ ይታዘዛሉ፤ ላሸነፈው ይጨበጨብለታል፤ የምስክር ወረቀትም ይሰጠዋል። ከዚያ በኋላ ያ ሐሳብ ከምን እንደ ደረሰ የሚጠይቅ ሰው ግን እምብዛም አይገኝም። እኛ ዕውቀት ወደ ገበያ መውጣቱን ከሚነቅፉት ወገን አይደለንም። ክርክራችን ገበያውን ሳያዩ፣ የዕውቀቱን ባለቤት ሳይጠይቁ፣ በዚህ ሥራ የሚደክመውንም መምህር በማዕርግ ሳያስቡት፣ በሰሌዳ ብቻ ንግድ ይቋቋማል ከሚሉት ጋር ነው። ምስክራችንንም ከባሕር ማዶ ሳይሆን ከመንዝ፣ ከሞላሌ እንጠራለን።

ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር ወረዳ ከተማ ነው። ያገሩ ደጋነት ለማንም የተሰወረ አይደለም፤ ውርጩ በአንድ ሌሊት የገብሱን አዝመራ ያቃጥለዋል፤ ዝናሙም አንዳንድ ዓመት ቀርቶ ያሳፍራል። ስለዚህ የመንዝ ባላገር ጥሪቱን የሚያስቀምጠው በበግ ነው፤ ግብር ሲመጣ፣ ልጅ ወደ ትምህርት ቤት ሲላክ፣ የጐተራው እህል ሲያልቅ በግ ወደ ገበያ ይነዳል። የመንዝ በግ ቁመቱ ዐጭር፣ ላቱ ወፍራም፣ ጠጉሩ ሻካራ ነው፤ ከዚያ ጠጉር ባናና በርኖስ ይሠራል።

በዚህ በግ ላይ የሊቃውንት ዐይን ካረፈ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል። (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር ናቸው።) ከ1960ዎቹ ጀምሮ በደብረ ብርሃን በተቋቋመው የበግ ማርቢያ ጣቢያ መጀመሪያ ለጠጉሩ፣ ኋላም ለሥጋው ሲባል ኮሪዴል፣ ሮምኒና ሐምፕሻየር የተባሉ የውጭ ዘሮች መጡ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ አዋሲ የተባለው በግ ከእስራኤል መጥቶ ከመንዝ በግ ጋር ተዳቀለ። በአመድ ጓያም ለዚሁ ሥራ የማራቢያ ቦታ ተዘጋጀ። ድቅሉ በጣቢያው ውስጥ ሲመዘን ከባድ ነበር፤ ስለ እርሱ የተጻፈውም ጽሑፍ ያማረ ነበር። ይሁን እንጂ ድቅሉ አውራ ከባላገሩ ደጅ በደረሰ ጊዜ ብዙው ሰው መልኩን ዐይቶ አልወደደውም፤ ለገበያም ይመቻል ብሎ አላመነበትም። በጣቢያው የሚበላውንስ መኖ ባላገሩ ከወዴት ያመጣለታል? በኋላም ማኤዲ ቪስና የተባለ የበግ በሽታ በማራቢያው ውስጥ ተገኘና ሥርጭቱ ተቋረጠ። ይህን የምንጽፈው በሥራው የደከሙትን ለማሳነስ አይደለም፤ ከድካማቸው ብዙ ዕውቀት ተገኝቷል፤ አዋሲን የወደዱ ገበሬዎችም አልጠፉም። ነገር ግን ሻጩ ገዢውን ሳይጠይቅ ሸቀጡን አስቀድሞ ሠርቶ ነበር።

በ2009 የተጀመረው ሥራ በሌላ በር ገባ። ኢካርዳ በሚል ዐጭር ስም የሚጠራው የደረቅ አገሮች የእርሻ ምርምር ማዕከል፣ ኢልሪ የተባለው የከብት ምርምር ድርጅትና የቪየናው ቦኩ ዩኒቨርሲቲ ከአገራችን የምርምር ማዕከሎች ጋር ሆነው በአፋር፣ በቦንጋ፣ በሆሮና በመንዝ የበግ ዘር ማሻሻል ሲጀምሩ፣ በመንዝ በኩል የተመረጡት ሞላሌና መሐል ሜዳ ነበሩ። ሊቃውንቱ በዚህ ጊዜ የመጡት አውራ ይዘው ሳይሆን ጥያቄ ይዘው ነው፤ የትኛውን በግ ትወዳለህ? የትኛውን ትሸጣለህ? ብለው ባላገሩን ጠየቁት። መልሱም አንድ ትልቅ ነገር ገለጠ። ቶሎ ያደገው ጠቦት ደኅና ዋጋ ስለሚያወጣ አስቀድሞ ወደ ገበያ ይነዳል፤ ከመንጋው ቀርቶ እንስቶቹን የሚያጠቃው ቀርፋፋው፣ ገዢ ያጣው ነው። ባላገሩ ሳያስበው፣ በችግር ተገዶ፣ ከዓመት ወደ ዓመት የመንጋውን ዘር ወደ ታች ይመርጥ ነበር ማለት ነው።

መድኀኒቱ ቀላል ነበር፤ ቀላል ስንል ርካሽ ማለታችን እንጂ ድካም የለበትም ማለታችን አይደለም። ግልገሉ ሁሉ የጆሮ ቍጥር ይደረግለታል፤ ሲወለድ፣ ጡት ሲተውና በስድስት ወሩ ይመዘናል፤ ከመንደሩ የተቀጠረ መዝጋቢ ሚዛኑን ይጽፋል፤ መዝገቡም በምርምር ማዕከሉ ይሰላል። ከዚያ በኋላ ጠቦቶቹ ባላገሩ ራሱ በመረጠው ኮሚቴ ፊት ይቀርባሉ፤ ስሌቱ አንደኛ ነው ያለውን ኮሚቴው በላቱ፣ በቀንዱና በቁመናው መርምሮ ያጸድቀዋል ወይም ይጥለዋል። የተመረጠው አውራ የጋራ ሆኖ ያገለግላል፤ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆንና ይሸጣል። አውራው አገልግሎቱን ሲፈጽም እርሱም ይሸጣል፤ ገንዘቡ ለሌላ አውራ መግዣ ይውላል።

እንግዲህ ይህ ኩባንያ ካልተባለ ምን ሊባል ነው? ሸቀጡ የተመረጠ ዘር ነው፤ አባሎቹ ባለድርሻዎች ናቸው፤ ፋብሪካው የግጦሹ ሜዳ ነው፤ ሊቃውንቱም በስሌታቸው ሸቀጡን ከሌላው ሸቀጥ የሚለየውን ነገር ያዋጣሉ። በቦንጋ በኩል ገበያው ርቆ ሄዶ፣ የማኅበሮቹ አውራዎች ለሌሎች አውራጃዎችና ለመንግሥት የእርባታ ሥራዎች እስከ መሸጥ ደረሱ። ይህ ሁሉ የሆነው ያለ ሰሌዳና ያለ ጭብጨባ ነው።

ስለ ጠጉሩ ግን ደስ የሚል ነገር መናገር አንችልም። የመንዝ ሰው ባና መሥራት የጀመረው ከማንም ፋብሪካ በፊት ነው፤ በደብረ ብርሃንም የብርድ ልብስ ፋብሪካ ከተቋቋመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ሻካራ ጠጉር ለምንጣፍ እንደሚስማማ ሁሉም ያውቃል። አንድ የኬሚስትሪ መምህርና አንድ ባና ሠሪ ስለ ጠጉር ማጠብና ስለ ማቅለም አንድ ክረምት አብረው ቢሠሩ፣ በዐሥር የውድድር አዳራሾች ከሚወለደው ሐሳብ የበለጠ ነገር ይገኝ እንደ ነበረ አንጠራጠርም።

«ዕውቀት የሰው ልጅ ሁሉ ነው፤ መሸጡ ነውር ነው» የሚሉ ወዳጆች አሉን። ቅንነታቸውን እናከብራለን፤ ነገር ግን የእንዶድን ታሪክ እንዲያስቡ እንለምናቸዋለን። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ በዐድዋ ወንዝ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ፣ ከታች በኩል ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣው የብልሃርዝያን ትል የሚያሳድር ነውና፣ ባላገር የሚያበቅለው ሳሙና ድኻ የሚሞትበትን በሽታ ሊከላከል እንደሚችል ተረዱ። በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲቲዩት በእርሳቸው መሪነት ተቋቋመ፤ ምርምሩም ለዓመታት ቀጠለ። ሆኖም በኢትዮጵያ ላቦራቶሪ የተመሰከረው ነገር በውጭ ላቦራቶሪ ካልተመሰከረ እንደ ማስረጃ አልተቈጠረም፤ ያን ውድ ምርመራ የሚከፍል ሰው እስኪገኝ ብዙ ዘመን አለፈ፤ ቤየር የተባለው የጀርመን ኩባንያ የሚሠራው ባይሉሳይድ ግን በውጭ ምንዛሪ ይገዛ ነበር። በ1989 ዶክተር አክሊሉና የሥራ ባልደረባቸው ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ታላቅ ሽልማት ተቀበሉ። ጥቂት ዓመት ቈይቶም በአሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የውሃ ቧንቧ የሚደፍነውን የዜብራ ዛጎል እንዶድ እንደሚገድል ታወቀና የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ በዚሁ ላይ የፓተንት መብት አወጣ። የዐድዋ አጣቢዎች ስም በዚያ ወረቀት ላይ የለም። በነጻ የተሰጠ ዕውቀት ሁሉ በነጻ ይኖራል ብሎ የሚያምን ሰው ይህን ምን ብሎ እንደሚተረጕመው ልናውቅ እንወዳለን።

ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያውስ ቶሎ ፓተንት ማውጣት ነው» የሚሉትም ቢሆኑ የጤፍን ጕዳይ ሳያዩ እንዳይፈርዱ። በ2005 አገራችን ከአንድ የሆላንድ ኩባንያ ጋር ስለ ጤፍ ተዋዋለች፤ ኩባንያው ስለ ጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት የአውሮጳ ፓተንት በ2007 አገኘ፤ በ2009 ደግሞ ከሰረ። ለአገራችን ከውሉ የደረሳት ገንዘብ 4,000 ዩሮ ያህል ብቻ መሆኑ ተጽፏል። በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት በሆላንድ አገር ያለውን ፓተንት ዐዲስ ፈጠራ የለበትም ብሎ ሻረው። ፓተንት ያለው ሰው ገበያ አለው ማለት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

የአሜሪካንን አርአያ የሚጠቅሱልን ሰዎች በ1980 የወጣውን የቤይና የዶል ሕግ ያነሣሉ። ሕጉ በመንግሥት ገንዘብ ለተገኘ ግኝት ዩኒቨርሲቲዎች ባለመብት እንዲሆኑ የፈቀደ ነው፤ መልካም ሕግም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ጌተሬድ የተባለው መጠጥ ከዚያ ሕግ 15 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1965፣ በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ተሠርቷል። ሐኪሞቹ መጠጡን ያዘጋጁት የዩኒቨርሲቲው ኳስ ተጫዋቾች በላብ ሲዝሉ አይተው ነው፤ ጠጪው ከመጠጡ በፊት ነበረ።

በእኛ አገር ይህ መተያየት የጠፋበትን ጊዜ ማመልከት ይቻላል። የዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ በ1950ዎቹ በኦክላሆማው ኮሌጅ አርአያ ሲቋቋም ማስተማር፣ መመራመርና ለገበሬው ማድረስ በአንድ ጣራ ሥር ነበሩ። በ1963 የማድረሱ ሥራ ወደ እርሻ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ በ1966 ደግሞ የእርሻ ምርምር ኢንስቲቲዩት ለብቻው ተቋቋመ። ለእያንዳንዱ ለውጥ በጊዜው በቂ ምክንያት ነበረው ይሆናል። ውጤቱ ግን አስተማሪው ገበሬውን የማያይ፣ ገበሬውን የሚያይ ሠራተኛም መጽሐፍ የማያገላብጥ ሆኖ መቅረቱ ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ዐዲስ ቢሮ አይደለም። አንድ መምህር የማዕርግ ዕድገት ሲጠይቅ በውጭ መጽሔት ያሳተማቸው ጽሑፎች ይቈጠሩለታል፤ ሦስት ዓመት በሞላሌ ተመላልሶ መንጋውን የመዘነው፣ ማኅበሩን ያቋቋመው፣ የመጀመሪያውን አውራ ያሸጠው መምህርስ ምን ይቈጠርለታል? ይህ ሥራ እንደ ጽሑፍ፣ በእኛ ግምት ከጽሑፍም አብልጦ፣ ይቈጠርለት። የማኅበሩም ድርሻ ምርምሩ ሳይጀመር በውል ይጻፍ፤ ባላገሩ በምስጋና ገጽ ላይ ብቻ ተጠቅሶ እንዳይቀር።

አንድ የቀረ ነገር አለ። እንዲህ ያለው ሥራ የሚጀመረው በውጭ ርዳታ ነው፤ ርዳታም ቀን አለው። ከ2023 ወዲህ ደግሞ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት መንገዱንም ገበያውንም ጐድቶታል። ርዳታው ሲያልቅ መጀመሪያ የሚቀረው የመንደሩ መዝጋቢ ደመወዝ ነው፤ መዝጋቢው ከቀረ ሚዛኑ ይቀራል፤ ሚዛኑ ከቀረ ቶሎ ያደገው ጠቦት እንደ ቀድሞው ወደ ገበያ ይነዳል። ከሚሸጠው አውራ ሁሉ ጥቂት ብር ለመዝጋቢው ቢቀመጥ፣ የዩኒቨርሲቲውም ገንዘብ ቤት በማኅበሩ ውስጥ ድርሻ ይዞ ኪሳራውንም ትርፉንም ቢካፈል፣ ይህን ደመወዝ ከማንም ሳይለምኑ መክፈል ይቻላል። የአንድ መዝጋቢ የዓመት ደመወዝ ለአንድ የውድድር ቀን አዳራሽና ምሳ ከሚወጣው ገንዘብ ይበልጥ እንደ ሆነ፣ የሒሳብ ሹሞቻችን አስልተው ይንገሩን።